ስንት ቁጥር ጎማ? ከሐረጎ ቁልቁለት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ምርጫ

ከቦሩ ሜዳ ተነስቶ፣ ደሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ የሚገባ መኪና የሚሄደው 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጎማ በአገራችን መንገድ ላይ ከሚገጥመው ፈተና አብዛኛው ግን በዚችው አጭር መንገድ ላይ አለ። ሜዳው ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የደሴ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ዳገትና ኮብልስቶን ነው። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ክረምት ሲሆን ጉሙና ጎርፉ ይጨመርበታል። ኮምቦልቻ ሲደረስ ደግሞ ሙቀቱ አለ፤ ከጅቡቲ ተነስተው በሚሌና በባቲ በኩል ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች የተመላለሱበት አስፋልትም አለ። ቪትዝ የያዘው የመንግሥት ሠራተኛም ሆነ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታካሚ የሚያመላልሰው የሚኒባስ ሹፌር፣ ጎማ ሊቀይር ሱቅ ሲገባ የሚጠየቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ቁጥር?»

የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ጎዶሎ ነው። «14» ይባላል፤ ወይም «15»። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ቸርኬው ብቻ ነው። በብዙ ቪትዞች ጎማ ጎን ላይ ሙሉው ጽሑፍ 165/70R14 81S ይላል። 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል፤ የ165 ሰባ በመቶ ወደ 115 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መንገዱ ያለው ላስቲክ እንግዲህ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው ማለት ነው። R የውስጥ ክሮቹን አቀማመጥ፣ 14 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች፣ 81 ጎማው የሚችለውን ጭነት፣ S ደግሞ የፍጥነት ጣሪያውን ያመለክታል። 81 ማለት 462 ኪሎ ግራም፣ S ማለት በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ነው። የፍጥነቱ ፊደል ለሐረጎ ብዙም አያሳስብም፤ በጤናው በዚያ ፍጥነት ሐረጎን የሚወርድ የለም። የሚያሳስቡት ሁለቱ፣ የጎኑ ከፍታና የጭነቱ ቁጥር ናቸው። ገዢ የሚረሳቸውም እነሱኑ ነው።

ለእንዲህ ያለው መንገድና ለዕለት ተዕለት መንዳት፣ ፋብሪካው ለመኪናው ከፈቀዳቸው ቸርኬዎች ትንሹን፣ ከጎማም ጎኑ ከፍ ያለውን መያዝ ይሻላል። ሰፋ ላለና ለሚያብለጨልጭ ቸርኬ የታሰበው ብርም በቅርብ ለተመረተና ጭነቱን ለሚችል ጎማ ቢውል የበለጠ ዋጋ አለው። ፋብሪካው የፈቀዳቸው መጠኖች በአብዛኞቹ መኪኖች የሹፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከአየር ግፊቱ ጋር ተጽፈዋል። ወረቀቱ ተቀዶ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ከሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ አለ። በመኪናው ላይ አሁን የተገጠመው ጎማ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ከቀድሞው ባለቤት በፊት የነበረው ባለቤት የገጠመው ሊሆን ይችላልና።

ምክንያቱን ለማየት የሁለት ጎማዎችን ልክ ማነጻጸር ይበቃል። ያንን ቪትዝ «ዘመናዊ» ለማድረግ 195/45R16 ቢገጠምለት የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ቁመት እምብዛም አይለወጥም፤ ከ587 ሚሊ ሜትር ወደ 582 ዝቅ ይላል። የጎማው ጎን ግን ከ115 ወደ 88 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ከላስቲኩ ሩብ ያህሉ ተነስቶ በብረት ተተካ ማለት ነው። ጎማ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን እናስብ። በውስጡ ያለው አየር ይታመቃል፤ ጎኑ ይታጠፋል፤ ምቱ በጥቂቱም ቢሆን ዘግይቶና ተከፋፍሎ ወደ አሞርዛተሩ ይደርሳል። የሚታጠፈው ቦታ ሲያጥር ጎማው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው ከንፈር መሀል ይቀረቀራል። ያኔ በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ጎማው ጎን ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ብቅ ይላል። ይህን እብጠት የሚጠግን ጎሚስታ የለም። የጥርሱ ክፍል በሚስማር ቢበሳ በጥቂት ደቂቃ ይደፈናል፤ የጎን ክሩ የተበጠሰ ጎማ ግን ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው ያው የሚጣል ነው። ኮብልስቶኑ በተነሳበት ሰፈር፣ ወይም ጎርፍ አፈሩን አጥቦ የአስፋልቱን ጠርዝ እንደ ደረጃ በተወው የመንገድ ዳር፣ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ኩርባ ላይ እንደማይወላገድ፣ መሪው ሲዞር ወዲያው እንደሚታዘዝና ሰፊ ስለሆነም መንገዱን ቆንጥጦ እንደሚይዝ ይነገራል። እውነት ነው፤ የሩጫ መኪኖች ለዚህ ሲሉ ነው የሚጠቀሙበት። ነገር ግን የሚሠራው መንገዱ ደረቅና ልሙጥ ሲሆን ነው። መሬቱ ሲያነጥር አጭሩ ጎማ አብሮ ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ ለዚያች ቅጽበት ምንም አልያዘም። በውሃ ላይ ያለው ነገር ይብሳል። አንድ መኪና በዚያው ክብደቱ ሰፊ ጎማ ላይ ሲቆም ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል፤ ጎማው የተኛውን ውሃ ቀዶ መሬት ከመድረስ ይልቅ በላዩ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀለዋል። ቀጭኑ ጎማ ውሃውን ቶሎ ይሰነጥቃል። በሐምሌና በነሐሴ ሐረጎ ላይ ውሃ ከተራራው ወርዶ አስፋልቱን አቋርጦ ይፈሳልና፣ በዚያ ወቅት የትኛው ጎማ መንገድ እንደሚይዝ ለመወሰን የሩጫ ሜዳ ልምድ አይረዳም።

ሌላው ተቃውሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣ ነው፦ «እንግዲያው ቸርኬውንም ጎማውንም እናሳድግ፤ መኪናው ከፍ ይበል፤ ድንጋይም አይንካው።» በአገራችን ይህ ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ኮረኮንች ለሚበዛበት ሰው የሚያጓጓ መሆኑም አይካድም። ሒሳቡ ግን ያሳዝናል። ቪትዙ ላይ 185/65R15 ቢገጠም የመንኮራኩሩ ቁመት ከ587 ወደ 621 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 6 በመቶ ያህል ያድጋል። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን የዚህን ልዩነት ግማሽ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ከምናምን ብቻ ነው። ለዚህች ሴንቲ ሜትር የሚከፈለው ብዙ ነው። መሪው ሙሉ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 60 ሲል መኪናው ወደ 64 እየሄደ ነው። ይህም ገና ትንሹ ነው።

ትልቁ ዕዳ ያለው ዳገቱና ቁልቁለቱ ላይ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበቱን ያጣል። ደሴ ላይ ያለ ቪትዝ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ብዙውን ሳይዝ ነው የሚሠራው። በዚህ ላይ መንኮራኩሩ 6 በመቶ ሲያድግ ሞተሩ በእያንዳንዱ ማርሽ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ወደ ሦስተኛ የተጠጋ ይመስላል። ከኮምቦልቻ አምስት ሰው ጭኖ ሐረጎን የሚወጣ ሹፌር ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ ማርሹን ያከብዳል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። ሲወርድ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በከባድ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ይይዘዋል፤ መንኮራኩሩ ሲያድግ ይህ መያዝ ይላላል። ፍሬኑም እንዲሁ ነው፤ ሸራው ዲስኩን በዚያው ኃይል ቢቆነጥጥም፣ ከመሀሉ እስከ መሬት ያለው ርቀት ስለረዘመ መሬት ላይ የሚደርሰው የማቆም ኃይል ያንሳል። ትልቅ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከባድም ስለሆነ፣ የሚሽከረከረውን ክብደት ለማቆም ሌላ ሥራ አለ።

የዚህን ሥራ መጠን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሰው የጫነና 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን ትንሽ መኪና 650 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 25 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ንፋሱና የጎማው መሽከርከር ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩ ወይም ፍሬኑ መሸከም አለባቸው። የሞተሩን ድርሻ የሚቀንስ ማንኛውም ለውጥ፣ የቸርኬ ለውጥም ቢሆን፣ ሙቀቱን ወደ ፍሬን ሸራው ያዛውረዋል። ሐረጎን በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ኮምቦልቻ ሲገባ የሚሸተው ያ የተቃጠለ ሽታ ምንጩ ይህ ነው። በጎማ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የመንኮራኩሩ ቁመት ከፋብሪካው ልክ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይርቅ የሚመክሩት እንዲያው በዘልማድ አይደለም። 165/70R14 ሱቅ ውስጥ ከጠፋ፣ 175/65R14 ቁመቱ 583 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አይጎዳም። 185/65R14 ደግሞ 596 ይሆናል፤ እሱም ከ2 በመቶ በታች ነው። በአንድ ቸርኬ ላይ ሁለትና ሦስት የጎማ ቁጥር የሚፈቀደው በዚህ ስሌት ነው፤ ሆኖም ሰፋ ያለውን ከመግዛት በፊት ቸርኬው ለዚያ ስፋት እንደሚበቃና መሪው ሲዞር ጎማው እንደማይነካ ማየት ያስፈልጋል።

«ትንሽ ቸርኬ ጥሩ ከሆነ ባጃጅ ምነው በየጉድጓዱ ይሰምጣል?» የሚል ቢኖር ተገቢ ጥያቄ ነው። የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው፤ 8 ኢንች ቸርኬ። ባጃጅን ጉድጓድ ውስጥ የሚከተው ግን የቸርኬው ማነስ ብቻ ሳይሆን የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ቁመት ማነስ ነው። ጉድጓድ የሚሻገረው ጠቅላላው ቁመት ነው፤ ምት የሚችለው ደግሞ በዚያ ቁመት ውስጥ ያለው የላስቲክ ድርሻ። እዚህ ላይ የምንለው ቁመቱ ፋብሪካው እንዳደረገው ይቆይ፣ በውስጡ ግን ላስቲኩ ይብዛ ነው። ገጠር የሚሠሩት ላንድክሩዘሮች ረጅም መንኮራኩር እያላቸው ለዓመታት በ16 ኢንች የብረት ቸርኬ ላይ 7.50 ጎማ ሲጠቀሙ የኖሩት በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ስለ ቸርኬው ራሱ ጥቂት ነገር። ብሎን መግባቱ ብቻ መግጠሙን አያረጋግጥም። የቪትዝና የብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ቸርኬ አራት ብሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ነው፤ የመሀል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሞዞው ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን የተሠራ ቸርኬ መሀሉ ሰፊ ነው፤ ቀለበት ካልገባለት መሀሉን ሳይጠብቅ ሊታሰር ይችላል፤ ያኔ መኪናው 80 ላይ መሪ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬም ያምራል፤ ግን ክብደቱን ከኩሽኔታው መሀል ያርቀዋል፤ ኩሽኔታና ቴስቲና ቶሎ ያልቃሉ። የብረት ቸርኬ ሲመታ ይጣመማል፤ መዶሻ ያለው ጎሚስታ ያቃናዋል። የአሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል፤ ተበይዶ የሚሠራበት ጊዜ ቢኖርም እንዲህ ያለውን ቸርኬ ይዞ ሐረጎን መውረድ የሚመከር አይደለም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከፋብሪካው ይዞ የመጣ መኪና ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ሊደነግጥ አይገባም። ክርክሩ ወደ ትልቅ ለመቀየር ብር ከሚያወጣው ሰው ጋር ነው።

የጭነቱ ቁጥር ለሚኒባስና ለትንንሽ ጭነት መኪና የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። 215/70R15 የሚል ጎማ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንዱ የቤት መኪና ጎማ ሲሆን የጭነት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 98፣ ማለትም 750 ኪሎ ግራም ነው። ሌላው ከቁጥሩ ኋላ C የሚል ፊደል ያለው የጭነት ጎማ ነው፤ ቁጥሩ 109፣ ማለትም 1,030 ኪሎ ግራም። ሁለቱም በአንድ ቸርኬ ላይ ይገባሉ፤ በሩቅ ሲታዩም መንትያ ናቸው። በአንድ ጎማ የ280 ኪሎ፣ በአራቱ ከ1,100 ኪሎ በላይ ልዩነት አለ። ርካሹ የቱ እንደሆነ መገመት ቀላል ነው። ከወንበሩ በላይ ሰው፣ በጣሪያው ላይ ደግሞ ጆንያ የጫነ ሚኒባስ በቤት መኪና ጎማ ላይ ሲሄድ ጎኑ ከልኩ በላይ እየታጠፈ ይግላል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ከክሩ ያላቅቀዋል፤ ጎማው ሲፈነዳም ብዙ ጊዜ «ድንገት» ይባላል። ድንገት አልነበረም፤ ሲገዛ በተነበበው ቁጥር ውስጥ ነበረ። «ፕላዩ ብዙ ነው» የሚለው የሻጭ ማረጋገጫም የጎኑን ጽሑፍ አይተካም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ለእኛ አገር ገዢ አታላይ የሆነው የምርት ቀኑ ነው። በጎማው ጎን፣ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዝ አለ። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 1018 ማለት የ2018 አሥረኛ ሳምንት ነው፤ ነገር ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። በኛ የካቲት 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይውላል። መጨረሻው 18 ሆኖ አይቶ «የ2018 ዓ.ም. ምርት» ብሎ የሚከፍል ሰው ከ7 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ ተሸክሞ ይሄዳል። ብዙ የመኪና አምራቾች ጎማ ከተመረተ 6 ዓመት ሲሆነው ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች ደግሞ እጅግ ቢበዛ 10 ዓመት ይላሉ። ላስቲክ በፀሐይ፣ በሙቀትና በአየር ይደርቃል፤ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ብርድ ቢሆንም የፀሐዩ ጨረር ጠንካራ ነው። ዓመት ሙሉ በሱቅ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ «አዲስ» ጎማ ከጎኑ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ፣ ፀጉር መሰል ጭራው ገና አለመላጨቱ ምንም አያድነውም።

በዚህ ጊዜ የኑሮ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባው ጎማም ዋጋው አብሮ ሄዷል። አራት አዲስ ጎማ የብዙ ደመወዝተኛ የወራት ገቢ ነው፤ ስለዚህ ሰው ያገለገለ ጎማ ቢገዛ ሊወቀስ አይገባም፤ ግን ሒሳቡን ማስላት አለበት። አዲስ የቤት መኪና ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ አለው። በጥርሶቹ መሀል ያሉት ምልክቶች የሚታዩት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ሕግም ከዚያ በታች አይፈቅድም። ስለዚህ የአዲሱ የሥራ ዕድሜ 6.4 ሚሊ ሜትር ነው። 3.5 ሚሊ ሜትር የቀረው ያገለገለ ጎማ የሥራ ዕድሜው 1.9 ነው፤ የአዲሱ ሲሶ እንኳን አይሞላም። በግማሽ ዋጋ ከተሸጠ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከአዲሱ ይወደዳል። ዝናብ ላይ ውሃ ለመቅደድ የሚበቃው ጥርስ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው ከተባለ፣ ያ ጎማ ለክረምት የቀረው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያገለገለ ጎማ የሚያዋጣው በጣም ርካሽ፣ በጣም ወጣትና ያልተለጠፈ ሲሆን ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ መገኘታቸው ደግሞ ብርቅ ነው።

በተለይ ከአውሮፓ ከመጣ መኪና ላይ የወረደ ጎማ ከሆነ ጎኑን አገላብጦ ማየት ይገባል። በሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ምልክት ካለበት ብዙ ጊዜ የበረዶ ወቅት ጎማ ነው፤ ጥርሱ ጥልቅና በጥቃቅን ቅዶች የተሞላ ስለሆነ ዓይን ይማርካል። የተሠራው ከ7 ዲግሪ በታች ሳይደርቅ ለመቆየት ነው። ለቦሩ ሜዳ ጠዋት አይከፋም ይሆናል፤ በኮምቦልቻ ቀትር፣ ይልቁንም ወደ ባቲና ሚሌ በሚወርደው ሙቀት ግን ለስላሳው ላስቲክ እንደ ማጥፊያ ላጲስ እየተፋቀ ያልቃል።

አራቱን በአንዴ መግዛት ያልቻለ ሰው ሁለት ይገዛል። የት ይግጠማቸው? የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል አዲሱን ወደ ፊት ያደርጋል፤ ጉልበቱም መሪውም እዚያ ነውና ምክንያታዊ ይመስላል። ጎማ አምራቾች ግን አዲሱ ወደ ኋላ ይሂድ ይላሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። በእርጥብ ኩርባ የፊት ጎማ ሲከዳ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሹፌሩ ቤንዚኑን ሲለቅ ብዙ ጊዜ መልሶ ይይዛል። የኋላ ጎማ ሲከዳ ግን መኪናው በራሱ ይዞራል፤ ቤንዚን መልቀቅም ያባብሰዋል። አንድ ወገኑ ገደል በሆነ ኩርባ ላይ የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። ፊት ላይ ያለው አሮጌ ጎማ ግን ቢያንስ ለዝናብ የሚበቃውን 3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ሊይዝ ይገባል፤ ካልያዘ ጥያቄው ከሁለት ወደ አራት ማደጉ ነው።

ስለ አየር አንድ የተለመደ ልማድ አለ፦ ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት ከጎማው አየር መቀነስ። ሙቀት አየሩን ያሰፋዋል ከሚል ነው፤ እሱስ ልክ ነው። ያልታሰበው፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር የውጭው አየር ክብደት እየጨመረ ጎማውን ከውጭ መጫኑ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ የውጭው ግፊት መጨመር ከጌጁ ላይ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ በቦታዎቹ መካከል ያለው የአምስት ስድስት ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይጨምራል። ሁለቱ ይጣፋሉ። እስከ ሚሌ ቢወረድም ስሌቱ በግምት ያው ነው፤ በሦስት ተቀንሶ በሦስት ይጨመራል። ስለዚህ በበሩ ላይ የተጻፈውን ግፊት፣ ለብዙ ትንንሽ መኪኖች 32 አካባቢ የሆነውን፣ ጠዋት ጎማው ሳይግል ደሴ ላይ ሞልቶ መውረድ ነው። በመንገድ ላይ ግሎ ከፍ ያለውን ግፊት አይቶ ማስተንፈስ ጎማውን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥም ይግላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህን ሁሉ ምርጫ ያጠቡታል። ቢዋይዲ ሲጋልን የመሰሉት ትንንሾቹ በ15 ወይም በ16 ኢንች ቸርኬ ይመጣሉ፤ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ግን ክብደቱ 2 ቶን ያህል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ 19 ኢንች ቸርኬ ላይ ነው፤ የፊቱ ጎማ 235፣ የኋላው 255 ስፋት ስላለው አንዱን በሌላው ማቀያየር አይቻልም። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ባትሪ እየሞላ መኪናውን ስለሚይዝ ሐረጎን መውረዱ ላይ ፍሬኑ ያርፋል። ባትሪው ግን ከባድ ነው፤ የጭነት ቁጥሩ ዝቅ ያለ ጎማ አይገጠምለትም፤ ቸርኬውንም አሳንሶ ከፍ ያለ ጎማ ማድረግ የሚቻለው ፍሬኑ ከፈቀደና ፋብሪካው ያንን መጠን ካወቀው ብቻ ነው። ከነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርት ጎማ የላቸውም፤ የሚሰጠው ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ነው፤ እሱም ለሚስማር ቀዳዳ እንጂ ለተቀደደ ጎን አይሆንም። 14 እና 15 ቁጥር ጎማ ደሴም ኮምቦልቻም በየመደብሩ ተደርድሮ ይገኛል። የ19 ቁጥሩን ግን መኪናውን ከመግዛት በፊት፣ ሁለቱም ስፋት መኖሩን፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ የምርት ሳምንቱም ስንት እንደሆነ ሱቅ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።